መስመሩ የተበጠሰው የት ላይ ነው?

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምናነሣው የአገር ቤትን ፖለቲካ፣ የመኖሪያ ፈቃድን ጣጣና የልጆቻችንን አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ እናወጋለን። ‹‹ደግሞ ላፕቶፕ ምን ቁም ነገር ሆኖ ዓምድ ይሞላል?›› የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዳሩ ግን ላፕቶፑ ከቤት ኢንተርኔት ጋር አልገናኝ ስላለ ብቻ ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል በሐሳብ ሲናጥ ከርሟል። ጎንደር ያለች አንዲት እህት ደግሞ መርዶ የተደበቀባት መስሏት ስታለቅስ ሰንብታለች። ይህን ስትሰሙ ነገሩ የዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ትረዱታላችሁ።

ሁስቢ ውስጥ የሚኖሩ አንድ ጋሼና እትዬ አሉ። ስማቸውን አላነሣም፤ ታሪኩን ግን ‹‹ለሌላው ትምህርት ይሁን›› ብለው እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ሁለቱም የሚይዙት ቁልፉ የሚጫን አሮጌ ሞባይል ነው፤ ‹‹በጣት የሚዳበስ ስልክ አይሆንልንም›› ባዮች ናቸው። የቀረው ጉዳያቸው ሁሉ በዚያ ላፕቶፕ ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍሉት፣ የሐኪም ቀጠሮ የሚይዙት፣ የጡረታ ደብዳቤያቸውን የሚያነቡት በእርሱ ነው። ከሁሉም በላይ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎንደር ያለችውን የጋሼን ታናሽ እህት መልኳን እያዩ የሚያነጋግሩት በእርሱ ነው። ድሮ በስካይፕ ነበር። ስካይፕ ሜይ 5 ቀን 2025 ጨርሶ ከተዘጋ ወዲህ ግን፣ ጎተንበርግ የሚኖረው የእትዬ የወንድም ልጅ በጉግል ሚት አስተካከለላቸው። አንዲት ምልክት ሲጫኑ እህትየው ብቅ ትላለች።

የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 2018 ማታ፣ ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል፤ ቤቱ ግን የበዓል ቤት አይመስልም። ጋሼ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ተቀምጠዋል።

‹‹ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?›› አልኳቸው።

‹‹ምን ደህንነት አለ ልጄ! ኢንተርኔታችን ከሞተ አሥራ ስድስት ቀኑ ነው። የእህቴን መልክ ካየሁ ሦስተኛ ሳምንቴ። ምን እንደሆነች አላውቅም።››

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ነገሩን ስጠይቅ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሐኪሞች ሦስት በሽታ እንዳገኙ ተረዳሁ። ጋሼ ‹‹ጠልፈውናል። ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ስለምወጣ መስመሬን የሚቆርጥ ሰው አለ›› ይላሉ። እትዬ በበኩላቸው ‹‹እዚህ አይደለም፤ እዚያ ነው የዘጉት። ባለፈው ጊዜ ዘግተውት አልነበረም?›› ይላሉ። የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ከጎተንበርግ በስልክ ‹‹ራውተሩ አርጅቷል፤ አዲስ ግዙ›› ብሎ ወስኗል። እነርሱም ከጡረታቸው ቀንሰው አዲስ ራውተር ገዙ፤ የጎረቤት ልጅ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ተከለላቸው። ለውጥ የለም። እንዲያውም ባሰ። አዲሱ ራውተር ከተተከለ ወዲህ የቤቱም ስልክ ድምፁ ጠፋ። ከሞባይላቸው ወደ ውጭ አገር መደወል የተዘጋ ስለሆነ በዚያ በኩልም መንገድ አልነበራቸውም። ይህም ለጋሼ ጥርጣሬ ማስረጃ ሆነላቸው፤ ‹‹አየህ? ስልኩንም ቆረጡት!››

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ። መስመር የተበጠሰበትን ቦታ የሚያገኘው፣ ከእጁ ጀምሮ ወደ ሩቅ እየተከተለ የሚሄድ ሰው ነው። ከሩቅ የሚጀምር ሰው ግን ጠላት ያገኛል እንጂ ብጣሹን አያገኝም።

ስልኬን አወጣሁና የሞባይል ኢንተርኔቱን አጠፋሁ። ከዚያ በእነርሱ ዋይፋይ ገባሁ። የስዊድን ሬዲዮ ገጽ ወዲያው ተከፈተ። በቃ፣ ግማሹ ነገር በአንድ ደቂቃ ተፈታ። ከመንገድ እስከ ቤቱ ያለው መስመር ደህና ነው፣ ራውተሩም ደህና ነው። የታመመው ላፕቶፑ ብቻ ነው።

ላፕቶፑን ከፈትነው። የዋይፋዩ ምልክት በሰላም ይታያል። ገጽ ስንከፍት ግን በስዊድንኛ አንድ ማስጠንቀቂያ ድቅን አለ። ጋሼ በጣታቸው እያሳዩኝ፣

‹‹ይኸው! ይህንን ነው የምልህ። ‹ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል› ይለኛል። የግድግዳውን ሰዓት ሳየው አንዲት ደቂቃ አልተዛነፈም። ‹ኋላ ቀር ነህ› ብለው ሊሰድቡኝ የላኩት ነው ብዬ ጠረጠርኩ›› አሉኝ።

የስክሪኑን ጥግ አየሁ። እውነትም ሰዓቱ ልክ ነው። ከሥሩ ያለው ቀን ግን ጃኑዋሪ 17 ቀን 2018 ይላል።

‹‹ጋሼ፣ ይህ ቀን እኮ ትክክል አይደለም።››

‹‹እንዴት አይደለም? ዛሬ መስከረም 17፣ 2018 አይደለም እንዴ? እኔው ራሴ ነኝ ለእንቁጣጣሽ ያስተካከልኩት! ግድግዳው ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ካሌንደር አንድ ይላል፣ ይሄ ሌላ ይላል። ሰለቸኝና መስከረም አንድ ብዬ ጀመርኩለት።››

አስቀድመው የሳቁት እትዬ ናቸው። ከዚያ እኔ፤ መጨረሻ ላይ ጋሼም ጭምር። ላፕቶፑ ወደ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ገብቶ ኖሯል!

ለምን እንደማይሠራ እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው። በኢንተርኔት ላይ ባንኩም፣ የሐኪሙም ቢሮ፣ ጉግልም ‹‹እኔ ነኝ›› የሚሉበት የምስክር ወረቀት አላቸው። እንደ ፓስፖርት ነው፤ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ላፕቶፑ እንደ ድንበር ጠባቂ ያንን ፓስፖርት ይመረምራል። የእርስዎ ድንበር ጠባቂ በ2018 ጃኑዋሪ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ በ2025 የተሰጠ ፓስፖርት ይዘው ሲመጡበት ‹‹ይህ ወረቀት ገና አልተሰጠም፣ የተጭበረበረ ነው›› ብሎ ይመልሳቸዋል። መስመሩ ክፍት ነው፤ የሚያልፍ ግን የለም።

‹‹የፓስፖርቱን ነገርስ እኛ እናውቀዋለን›› አሉ ጋሼ።

የቀኑንና የሰዓቱን ማስተካከያ ከፍቼ ‹‹በራሱ ይሙላ›› የሚለውን መልሼ አበራሁት። ገጹ ተከፈተ። ቀጥሎ የስልኩ ነገር ነበር። የቤታቸው ስልክ ገመድ የሚሰካው ኩባንያው በሰጣቸው አሮጌ ራውተር ጀርባ ላይ ነበር። ዛሬ ብዙ ቤት ያለው የቤት ስልክ በኢንተርኔቱ መስመር ላይ ተሳፍሮ የሚሄድ ነው፤ ቁጥሩ የሚያድረው የኢንተርኔት ኩባንያው በሰጠው ዕቃ ውስጥ ነው። ያንን ነቅለው ከሱቅ የተገዛ ሲተክሉ ስልኩ ቤት አልባ ሆነ። አሮጌውን መልሰን ተከልነው፤ የስልኩ መብራት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራ። አዲሱን፣ ደረሰኙ ስለነበረ፣ ሱቁ በማግስቱ ተቀበላቸው።

ጋሼ ወዲያው ለእህታቸው ደወሉ። እህትየው ድምፃቸውን ስትሰማ ሰላምታ አላቀረበችም። ‹‹ማን ነው የሞተው? እውነቱን ንገሩኝ!›› ነው ያለችው። ለካ በየማታው የቤቱን ስልክ ስትሞክር ነበር። እሑድ ሲመጣ ከስክሪን ጠፍተውባታል፣ ስልክ አያነሡም፣ በዓሉ እንኳን አልፎ ‹‹እንኳን አደረሰሽ›› የሚላት ሰው የለም። በእኛ ባህል ይህ ዝምታ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ መርዶ የሚያረዳ ሽማግሌ እየተፈለገ ነው ማለት ነው። ጋሼ ‹‹አለሁ እህቴ፣ ሁላችንም አለን›› እያሉ ሲያለቅሱ፣ እትዬ የቡናውን ሁለተኛ ቀዱ።

ከእጅ ወደ ሩቅ

ይህ ታሪክ የአንድ ቤት ነው፤ ችግሩ ግን የብዙዎቻችን ነው። ስለዚህ ላፕቶፕዎ ከቤትዎ ኢንተርኔት ጋር አልገናኝ ባለ ጊዜ የሚከተሉትን በተራ ይሞክሩ። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ።

አንደኛ፣ ሕመሙ የማን እንደሆነ ይለዩ። እኔ እንዳደረግሁት በሌላ ስልክ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱን አጥፍተው፣ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ይሞክሩ። ስልኩ ከሠራ ችግሩ ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ራውተሩን አይንኩት። ስልኩም ካልሠራ ችግሩ ከራውተሩ ጀምሮ ወደ ውጭ ነው፤ ላፕቶፑን አይንኩት። ብዙ ገንዘብና ብዙ ጠብ የሚጠፋው ይህንን አንድ ደቂቃ ባለማጥፋት ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም ካልሠሩ መብራቶቹን ይመልከቱ። በስቶክሆልም በአብዛኛው አፓርትመንት ፋይበሩ ከበሩ አጠገብ ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ባለች ትንሽ ሣጥን ላይ ያበቃል፤ ከእርሷ አንድ ገመድ ወደ ራውተሩ ይሄዳል። ያ ገመድ ልብስ ሲሰቀልና ቤት ሲጠረግ ይላላል። ነቅለው መልሰው ‹‹ቀጭ›› እስኪል ይሰኩት። በራውተሩ በኩል ከሌሎቹ በቀለም ወይም በምልክት በተለየው፣ ለውጪው መስመር በተመደበው ቀዳዳ መግባቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ሁለቱንም ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፣ አንድ ደቂቃ ይታገሡ፣ መጀመሪያ የፋይበሩን ሣጥን፣ መብራቱ ሲረጋ ደግሞ ራውተሩን ይሰኩ። እስከ አምስት ደቂቃ ጊዜ ይስጡት። በመርፌ የምትጫነውን ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ግን አይንኩ፤ እርሷ ዕቃውን ማደስ ብቻ ሳይሆን ያስተካከሉትን ሁሉ ትሰርዛለች።

ሦስተኛ፣ ጎረቤት ይጠይቁ። የስቶክሆልም ከተማ በ1994 ስቶካብ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ፋይበሩን ራሱ ዘርግቶ ለማንኛውም ኩባንያ ያከራያል። ስለዚህ የሚከፍሉት ኩባንያ ሌላ፣ ከመሬት ሥር ያለው መስመር ሌላ፣ የሕንፃው ውስጥ መስመርም ሌላ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ከእርስዎ ሌላ ኩባንያ የሚጠቀመው ጎረቤትም ከተቋረጠበት፣ ብጣሹ ከሕንፃው ወይም ከመንገዱ ላይ መሆኑ ነው። ያኔ ቤትዎ ውስጥ ቢደክሙ ዋጋ የለውም።

አራተኛ፣ ችግሩ ላፕቶፑ ላይ ከሆነ፣ ዋይፋዩ ራሱ ጠፍቶ እንደሆነ ይዩ። የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት ምልክት በርቶ ከሆነ ላፕቶፑ ‹‹በረራ ላይ ነኝ›› ብሎ ዘግቷል። ከላይኛው ረድፍ ቁልፎች በአንዱ ላይ ያለውን የአንቴና ወይም የአውሮፕላን ሥዕል ልጆች ሲጫወቱ ወይም አቧራ ሲጠረግ ሳይታወቅ ይጫኑታል።

አምስተኛ፣ የይለፍ ቃሉን በጥንቃቄ ይጻፉ። ቃሉ ብዙውን ጊዜ ራውተሩ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ አለ። ዜሮንና ኦን፣ ቁጥር 1ንና ትንሹን ኤል አያምታቱ። የእኛ ሰው የተለየ ፈተና ደግሞ አለ። ዊንዶውስ ከ2007ቱ ቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ ይመጣል። ለዘመድ ደብዳቤ ጽፈው ኪቦርዱን በአማርኛ ከተዉት፣ የሚጽፉት የይለፍ ቃል ነጥብ ነጥብ ሆኖ ስለሚታይ ፊደል ሀ ሁ እየጻፉ እንደሆነ አያውቁትም። ወደ እንግሊዝኛ ዞሮ ከሆነም፣ በስዊድን ኪቦርድ ላይ ሰረዝ የተሣለበት ቁልፍ ሌላ ምልክት ይጽፋል። ከቃሉ ሳጥን ጎን ያለችውን የዓይን ሥዕል ተጭነው የጻፉትን በዓይንዎ ይዩ። ከዚያም ካልሆነ፣ ላፕቶፑ ያንን ኔትወርክ ‹‹እንዲረሳው›› አድርገው እንደ አዲስ ያገናኙት።

ስድስተኛ፣ ግድግዳውን ያስቡ። ቴንስታ፣ ሪንከቢና ሁስቢ ውስጥ የብዙዎቻችን ቤት፣ ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 ሚሊዮን መኖሪያ ለመሥራት ባወጣችው ዕቅድ ጊዜ በብረትና በኮንክሪት የቆመ ነው። ራውተሩን ‹‹አያምርም›› ብለው ብረት ሣጥን ውስጥ ከቆለፉበት፣ መኝታ ቤት ላለው ላፕቶፕ ድምፁ አይደርስም። ሁለት ዓይነት ሞገድ አለ። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ይከብደዋል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ዘገምተኛ ነው፣ ግድግዳ ግን ይሻገራል። አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ በራውተሩ ላይ ሁለቱም መብራታቸውን ያረጋግጡ። ለመለየት ቀላሉ መንገድ ላፕቶፑን ራውተሩ አጠገብ አምጥቶ መሞከር ነው።

ሰባተኛ፣ በገመድ ይሞክሩ። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝተው ከሠራ፣ የታመመው የላፕቶፑ ዋይፋይ ብቻ ነው። ለዋይፋይ የሚሆን ትንሽ የዩኤስቢ ዕቃ ከአዲስ ላፕቶፕ እጅግ በረከሰ ዋጋ ይገኛል።

ስምንተኛ፣ ‹‹ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም›› ካለ፣ የላፕቶፑን አድራሻ ቁጥር ከኔትወርኩ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉ። ራውተር እንደ ቀበሌ ነው፤ ለገባው ዕቃ ሁሉ የቤት ቁጥር ያድላል። በብዙ ቤት ቁጥሩ በ192.168 ይጀምራል። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካገኙ ግን ላፕቶፑ ቀበሌው ሳያውቀው ለራሱ ቁጥር ለጥፏል፤ ጨረቃ ቤት ሠርቷል ማለት ነው። ራውተሩንም ላፕቶፑንም አጥፍተው ያብሩ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ቁጥሩን በእጁ ሞልቶት ሊሆን ይችላል፤ ‹‹በራሱ ይውሰድ›› ወደሚለው ይመልሱት። ሌላም አለ። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በኢትዮጵያ በፌብሩዋሪ 2023 ሲታገዱ ሰው ሁሉ ቪፒኤን ጭኖ ነበር። ያ ቪፒኤን ሰዓቱ አልፎ አሁንም በራሱ የሚነሣ ከሆነ፣ ያለ እርሱ ማንም እንዳያልፍ በሩን ይዘጋል። ያጥፉትና ይሞክሩ።

ዘጠነኛ፣ ቀኑን ይዩ። ሰዓቱን ብቻ አይደለም፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን! የጋሼ ነገር የሚያስቅ ይምሰል እንጂ፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ ላፕቶፕም ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት በራሱ ወደ ዱሮ ዘመን ይመለሳል። የአበሻ ቀን ከፈለጉ በስልክም በላፕቶፕም የሚሠራ የኢትዮጵያ ካሌንደር አለ፤ የማሽኑን ቀን ግን ለማሽኑ ይተዉለት።

በመጨረሻም ዕድሜውን ይጠይቁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። በዚያ ቀን ላፕቶፑ አልሞተም፣ ዋይፋዩም አልተቋረጠም። ነገር ግን ባንክ የሚገቡበት ዕቃ ጠባቂ እንደሌለው ቤት እንዳይሆን ልጆችዎን ያማክሩ። አዲስ ራውተርም ደብሊውፒኤ 3 የተባለውን አዲሱን ቁልፍ ብቻ እንዲቀበል ከተደረገ፣ አሮጌ ላፕቶፕ አይገባበትም፤ አሮጌውንም ቁልፍ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል።

ይህን ሁሉ ሞክረው ካልሆነ ለኩባንያው ይደውሉ። ‹‹ኢንተርኔቴ አልሠራም›› ብቻ አይበሉ። የትኛው መብራት እንደበራ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በስልክም በገመድም እንደሞከሩ ይንገሯቸው። ያን ጊዜ ‹‹አጥፍተው ያብሩት›› በሚል ግማሽ ሰዓት አያስጠብቁዎትም። ጉዳይ ከተቻኮለ ደግሞ በየሰፈሩ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተርና ዋይፋይ በነፃ ያቀርባል።

ስለ ጥርጣሬ

ጋሼ ‹‹ጠልፈውናል›› ማለታቸውን ስጽፍ በእርሳቸው እየቀለድኩ እንዳይመስልባቸው። ስደተኛ ሲጠራጠር ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ባልደረቦች ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣልያን ኩባንያ በሠራው የስለላ ፕሮግራም እንደታደኑ አሳይቷል። ይህ በእኛው ሰው ላይ የደረሰ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰላይ መስመር አይቆርጥም። የሰረቀውን ደብዳቤና ድምፅ ይዞ የሚወጣው በእርስዎው ኢንተርኔት ነው፤ መስመርዎ ከሞተ እርሱም አብሮ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ መጠርጠር ያለብን ላፕቶፑ እንቢ ባለ ጊዜ ሳይሆን፣ የማናውቀው ሰው የላከልንን ፋይል ክፈቱ ስንባል ነው።

ዛሬ በስዊድን ያለው ሌባ ደግሞ በስልክ ነው የሚመጣው። ‹‹ከኢንተርኔት ኩባንያ ነኝ፣ ከባንክ ነኝ፣ ኮምፒውተርዎ ታሟል፤ ባንክ-አይዲዎን ይክፈቱልኝ›› ይላል። ኢንተርኔቱ የተቋረጠበት ሽማግሌ ‹‹እግዜር ላከልኝ›› ብሎ ይከፍትለታል። እርስዎ ሳይደውሉ የደወለልዎት ሰው ባንክ-አይዲ እንዲከፍቱ ካለዎት፣ ስልኩን ይዝጉ። ቢቆጣም ይዝጉ። ‹‹ነውር ነው›› ብለው አይፈሩ።

እዚያ የተዘጋ እንደሆነስ?

የእትዬም ግምት ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ጁን 30 ቀን 2020 በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቷል። በትግራይ በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ፣ ስንቱ እዚህ ያለ ልጅ የእናቱን መኖርና አለመኖር ሳያውቅ ወራት ገፍቷል። በአማራ ክልል በኦገስት 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔቱ እንደገና ጠፋ። ስለዚህ እትዬ ‹‹እዚያ ነው የዘጉት›› ሲሉ ልምዳቸውን ነው የተናገሩት።

መለያው ግን ቀላል ነው። እዚያ ከተዘጋ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ይሠራል። የስዊድን ገጾች ይከፈታሉ፣ ካናዳ ያለው ወንድምዎ ይታያል፤ ጎንደር ብቻ ጭጋግ ይሆናል። ያን ጊዜ የዚያው ከተማ ዘመድ ያላቸውን ሌሎች ሰዎች ይጠይቁ፤ ኔትብሎክስ የተባለው ድርጅትም በየአገሩ የሚዘጋውን ኢንተርኔት እየተከታተለ ያሳውቃል። የስዊድኑም ገጽ አልከፈት ካለ ግን ጥፋተኛው አዲስ አበባ ሳይሆን ሳሎንዎ ውስጥ ነው። መንግሥትን የምንከስበት በቂ ምክንያት ሞልቶ ሳለ፣ በላላ ገመድና በተሳሳተ ቀን ስንከሰው እውነተኛው ክሳችንም ይረክሳል።

ጋሼና እትዬ ከዚያ ማታ ወዲህ አንድ ነገር አድርገዋል፤ እኛም ብናደርገው መልካም ነው። የኩባንያውን ስልክ፣ የደንበኛ ቁጥራቸውንና የዋይፋዩን ቃል በወረቀት ጽፈው ቁም ሣጥኑ በር ውስጥ ለጥፈዋል። ሞባይላቸውም ወደ ውጭ እንዲደውል አስከፍተውታል። ለእህታቸው ደግሞ ሁለተኛ መንገድ ሰጥተዋታል። ‹‹አንድ እሑድ ከጠፋን ዕቃው ነው በይ። ሁለተኛውን እሑድ ከጠፋን ጎተንበርግ ላለው ልጅ ደውይ። መርዶ ካለ በዝምታ አንነግርሽም፣ ሰው እንልክልሻለን›› ብለዋታል።

እርስዎስ? አገር ቤት ያለች እናትዎ ወይም እህትዎ፣ የእርስዎ ላፕቶፕ ነገ ቢዘጋ፣ ለማን እንደምትደውል ታውቃለች? ዛሬ መስመሩ ሳይበጠስ ይንገሯት።